ከየኔታ ቀድሞ የሚያነሣው ድምፅ

መካነ ኢየሱስ፣ ከመናኸሪያው በላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ ድምፅ እቀዳለሁ። ሰዉ ስቱዲዮ ይለዋል። ሲሉኝ ደስ ይለኛል እንጂ ያለኝ አንድ ኮምፒዩተር፣ ሁለት ማይክ፣ አንድ አሮጌ የድምፅ ማስተካከያ ሣጥንና ግድግዳው ላይ የተቸነከረ የስፖንጅ ፍራሽ ነው። ከዚያ በፊት ሬዲዮና ሞባይል ስጠግን ነው የኖርሁት። አሁንም ቢሆን አብዛኛው ሥራዬ የሰርግ ዘፈንና የክትባት ማስታወቂያ ነው። በገበያ ቀን በመኪና ተጭኖ «እናቶች ሆይ!» እያለ የሚዞረው ድምፅ የእኔ ነው።

ግልፍተኛ ነኝ። ዕቃ ሲያስቸግረኝ እሰድበዋለሁ፤ ሰው ሲያስቸግረኝም አልምርም። እናቴ «አንቺን የሚያገባ ጆሮው የደነቆረ መሆን አለበት» ትል ነበር። እስካሁን አልተገኘም። ስለ መንፈስ፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ዛር የሚወራ ወሬም አልወድም። አንድ ነገር ከተበላሸ ወይ ሽቦው ተበጥሷል፣ ወይ ብየዳው ለቋል፣ ወይ አንድ ሰው የማይነካውን ነክቷል። በዚህ እምነቴ ብዙ ሬዲዮ ከሞት አስነሥቻለሁ።

ሣጥኑን ያመጣሁት አዲስ አበባ ከተዘጋ አንድ ስቱዲዮ ነው። ጥቁርና ከባድ ነው፤ ፊቱ ላይ መርፌ ያለባት ትንሽ መስኮት አለችው። ሁለት ሥራ ይሠራል። ግማሹ ፕሪአምፕ ነው፤ ከማይኩ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ያጎላል። ግማሹ ደግሞ ኮምፕረሰር ነው፤ ሰው ሲጮህ ይጫነዋል፣ ሲያንሾካሹክ ያነሣዋል። ለማያውቅ ሰው ሳስረዳ እንደ ጥሩ ሽማግሌ ነው እላለሁ፤ የሚጮኸውን ዝቅ በል፣ ያፈረውን ተናገር ይለዋል። አንድ ክፉ ዐመል ግን አለው። ማንም ሳይናገር ሲቀር የሚያነሣው ነገር ፍለጋ ይሄዳል። ዝምታው በረዘመ ቁጥር ያጎላል፤ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንቋቋ፣ የሰው ሆድ ሲጮህ፣ ከመንገዱ ማዶ አህያ ስትረግጥ፣ ሁሉንም ጎትቶ አምጥቶ ጆሮ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

የዜማ መምህር የሆኑትን የኔታን ያመጣቸው ተማሪያቸው የሆነ አንድ ዲያቆን ነው። ሠላሳን ያለፈ፣ ቃል ሲመርጥ ጊዜ የሚወስድ፣ ዐሥር ዓመት እግራቸው ሥር የተቀመጠ ሰው። ከወገዳ በታች ካለው ደብራቸው አንድ ቀን በበቅሎ፣ አንድ ቀን በመኪና ተጉዘው ደርሰዋል።

«እታለም፣» አለኝ፣ «የኔታ ዓርብ ባሕር ዳር ሆስፒታል ይገባሉ። ጉሮሯቸው ላይ ካንሰር ነው አሉ። የድምፅ ሣጥናቸውን ያወጡታል። ከዚያ ወዲያ መናገር የለም።»

የኔታ አጠገቡ ቆመዋል። ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስል ስፖንጁን በጣታቸው እየነካኩ ያዩታል።

በደብራቸው በዓለ ንግሥ የሚዜም አንድ ረጅም ዜማ አለ። ቃሉ በመጽሐፍ ይገኛል፤ ምልክቱም ከቃሉ በላይ ተጽፏል። ይትበሃሉ ግን፣ ማለትም የቱ ጋ እንደሚነሣ፣ የቱ ጋ እንደሚወድቅ፣ የትኛው ፊደል እስትንፋስ እስኪያልቅ እንደሚጎተት፣ ከአፍ ወደ ጆሮ ብቻ የሚተላለፍ ነው። ያን ይትበሃል ሙሉውን የያዙት የኔታ ብቻ ነበሩ። የድጓ ማስመስከሪያ ከሆነው ቤተ ልሔም ገዳም ሄደው ያስመሰከሩ ሰዎች እንኳ ለዚህኛው የሚመጡት እሳቸው ዘንድ ነው። በየዓመቱ እሳቸው እየመሩ ሌላው ስለሚቀበል፣ ማንም ብቻውን መርቶት አያውቅም። ተማሪዎቹ «ገና እንማረዋለን» ሲሉ፣ እሳቸውም «ገና ይበስላሉ» ሲሉ ዘመኑ አለቀ።

ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። አራት ቀን አለን። ዜማው በአራት ቀን ውስጥ ከጉሮሯቸው ወጥቶ ኮምፒዩተሬ ውስጥ ካልገባ፣ ዓርብ ከእባጩ ጋር አብሮ ይቆረጣል። እኔ አስቀድሼ የምመለስ ሰው ነኝ እንጂ የዜማ ሰው አይደለሁም። ቢሆንም ነገሩ ደረቴ ላይ ተቀመጠ።

ሰኞ ሙከራ አደረግን። የኔታ የተልባ ውሃቸውን ይዘው ገቡ፤ በየመሐሉ ይስላሉ፣ ይጠጣሉ፣ እንደገና ይነሣሉ። ድምፃቸው ግን ከሳሉ በተረፈ ቁጥር የዚያ የከሳ ሰውነት አይመስልም ነበር። የኮምፕረሰሩን ልክ ገና ስላላገኘሁት ከፍ ከፍ ያለው ሁሉ ተሰባብሮ ገባ፤ ለሰው የሚሰጥ አልነበረም። አልደመሰስሁትም። ልኩን ለመፈለግ ይጠቅመኛል ብዬ ኮምፒዩተሩ ላይ አንደኛው መስመር ላይ ተውሁትና እንዳይረብሸኝ በእኔ በኩል ድምፁን ዘጋሁት።

ማክሰኞ ጠዋት ዋናውን ጀመርን። ዘማሪ የሚቆመው ውስጠኛው ክፍል ነው። መሐል ግድግዳው ላይ መስታወት የለኝም፤ በሩ ከተዘጋ እኔ ውጭ፣ እሳቸው ውስጥ፣ የሚያገናኘን ሽቦ ብቻ ነው። ሄድፎን አድርጌላቸዋለሁ፤ ላናግራቸው ስፈልግ በዚያ ይሰሙኛል። ዲያቆኑን ከእኔ ጋር ውጭ አስቀመጥሁት፤ እሱ ትንፋሹም የሚሰማ ሰው ነው።

ትንሽ እንደ ሄዱ ድምፃቸው ጠፋ።

አልደከመም፣ አልተሰነጠቀም፤ ጠፋ። ኮምፒዩተሩ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የነበረው መስመር ሜዳ ሆነ። ዐሥር ሰከንድ ያህል እንዲያ ቆየና ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተመለሰ። ቆየት ብሎ እንደገና ጠፋ፤ አሁን ረዘም አለ። በሦስተኛው በሩን ከፍቼ ገባሁ።

«የኔታ፣ መሐል ላይ አቋርጠው ነበር?»

«አላቋረጥሁም፣ ልጄ።»

«ሳል ይዞዎት ይሆን?»

«ኧረ አልሳልሁም። ደህና እየሄደ ነው።» ዓይናቸው ውስጥ ሰኞ ያላየሁት ብርሃን ነበር። ትኩሳት መሰለኝ።

የኔታ አይዋሹም። እሳቸው ካላቋረጡ ያቋረጠው ሣጥኑ ነው። ልቤ እንዲያውም ቀለል አለው፤ የሣጥን በሽታ አውቃለሁ። ገመዱን ቀየርሁ፤ ድምፁ ጠፋ። ማይኩን ቀየርሁ፤ ጠፋ። ሁለተኛውን ገመድ ከሁለተኛው ማይክ ጋር አድርጌ ሞከርሁ፤ ከበፊቱ ብሶ ጠፋ። ጊዜውን ጠብቆ ቢጠፋ እንኳ አንድ ነገር ነበር። አንዴ በሁለተኛው ደቂቃ፣ አንዴ በዘጠነኛው፣ አንዴ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ፣ አንዴ እስከ መጨረሻው ድረስ ሳይጠፋ ይቆይና በመጨረሻው ቃል ላይ። የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት ዕቃ ጠጋኝን ያሳብዳል።

ከሰዓት የሣጥኑን ክዳን ፈትቼ ብየዳዎቹን አንድ በአንድ በማጉያ መነጽር አየሁ። የተጠራጠርሁትን ሁሉ አቅልጬ እንደገና በየድሁ። በጠመንጃ መፍቻው እጀታ ጎን ጎኑን መታሁት፤ የላላ ነገር ካለ ድምፁ ሲንኳኳ ይሰማል። ምንም የለም። ሰደብሁት። ዲያቆኑ ስድቤን ላለመስማት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መዝሙረ ዳዊት ጀመረ።

ረቡዕ ማለዳ ጥፋቱ የምድር ሽቦው ይሆናል ብዬ ግቢው ውስጥ የብረት ዘንግ ቀበርሁና ዙሪያውን የጨው ውሃ አጠጣሁት። ጎረቤቴ በአጥሩ ቀዳዳ ስታየኝ ቆይታ «አንቺ ሴት፣ ማንን ልትቀብሪ ነው?» አለችኝ። «መብራት ነው የምቀብረው፣» አልኋት። ማማተቧን አየሁ። ወዲያው መብራት ጠፋ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ፤ እስከ ስድስት ሰዓት ተቀምጠን ጠበቅን። የኔታ ውስጠኛው ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ሆነው ጠበቁ። ውጭ ፀሐይ አለ፣ ይሞቃል፣ ይውጡ ብላቸው እምቢ አሉ። ከዚያ ክፍል መውጣት አልፈለጉም።

መብራቱ ሲመጣ ሣጥኑን በራሴ ልሞክረው ብዬ አዲስ ፋይል ከፈትሁና ማይኩ ፊት ቆሜ የክትባት ማስታወቂያውን ሃያ ደቂቃ ሙሉ ደጋግሜ አነበብሁ። አንዲት ፊደል አልጠፋችም። የኔታ ገቡ፤ ጠፋ።

ማሽን ሰው አይመርጥም። ውሃ ስወቅጥ እንደ ዋልሁ ገባኝ፤ የት እንደ ተሳሳትሁ ግን አልገባኝም።

ከዚያ ሠርቼ የማላውቀውን ሠራሁ። የጠፋውን ድምፅ መፈለጌን ትቼ ዝምታውን ማዳመጥ ጀመርሁ። ማክሰኞ የቀዳሁትን መልሼ ወደ ሣጥኑ ላክሁት፤ ሄድፎኔን አጥብቄ፣ ዓይኔን መርፌዋ ላይ ተክዬ የመጀመሪያው ክፍተት ላይ ደረስሁ። ሽቦ ተበጥሶ ቢሆን መርፌዋ ወድቃ መተኛት ነበረባት። አልተኛችም። ቀስ ብላ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ። የሆነ ነገር እያናገራት ነበር። ማጉያውን እስከ መጨረሻው አዞርሁት። መጀመሪያ ሽውታ ብቻ መጣ። ከሽውታው ሥር፣ በጣም ከሩቅ፣ ቆርቆሮ ውስጥ የተዘጋበት የሚመስል፣ ቀጭን የወንድ ድምፅ ነበር። ያዜማል።

የሚያዜመው የኔታ ገና ያላሉትን ቃል ነው። ድምፁ ቃሉን ጨረሰ፤ ዝም አለ። ከዚያ የኔታ በጉልህ ድምፃቸው ተመለሱ፤ ያንኑ ቃል አሉት።

ፈራሁ። ቀን ነው፣ መናኸሪያው ላይ ረዳቶቹ «ደብረ ታቦር! ደብረ ታቦር!» እያሉ ይጮኻሉ፣ እኔ ግን ሄድፎኑን ማውለቅ አቃተኝ። ሁለተኛው ክፍተትም እንዲሁ ነው። ሦስተኛውም። ሁልጊዜ እሱ ይቀድማል፤ ሁልጊዜ የኔታ ይከተላሉ።

ለዲያቆኑ አሰማሁት። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደ ሄደ እንጃ።

«ይህ መሪ ነው፣» አለ በመጨረሻ። «ከየኔታ ቀድሞ የሚያነሣ ሰው አለ።»

«የት ነው ያለው? ክፍሉ ውስጥ ከየኔታ በቀር ማንም የለም።»

«ከየኔታ ቀድሞ የሚያነሣ በሕይወት ያለ ሰው የለም፣ እታለም።» ከዚያ ጠበል ይዞ መምጣቱን፣ ሣጥኑ ላይ ትንሽ ቢረጭበት መልካም እንደሚሆን በትሕትና ነገረኝ።

«አንዲት ጠብታ ብታርፍበት አንተንም ሣጥኑንም ነው የምቀብራችሁ!» ጮህሁበት። መጮኼ ለራሴ ነበር። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ሰምቶታል፤ አልተቀየመኝም።

ያን ቀን ሳስበው ዋልሁ። በዝምታው ውስጥ ድምፅ ካለ ማይኩ ይሠራል፣ ሽቦው ይሠራል፣ ሣጥኑም ይሠራል ማለት ነው። እንግዲያው የጠፋው የኔታ ናቸው። ዝም ይላሉ፤ ስጠይቃቸው ደግሞ አላቋረጥሁም ይላሉ። ከማሽን ይልቅ ይኸኛው አስፈራኝ።

ሐሙስ የመጨረሻው ቀን ነበር። ሲገቡ በሩን ዘጋሁት ብዬ የጣት ያህል ክፍት ተውሁት። መቅጃውን አስጀመርሁና ጫማዬን አውልቄ በክፍተቱ አየሁ። ከላይ ባለችው ጠባብ መስኮት ፀሐይ ገብታ ግማሽ ፊታቸው ላይ አርፋለች። በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዜማሉ። አንድ ሐረግ ጨርሰው አየር ሲስቡ ድንገት ቆሙ። አፋቸውን ገጠሙ። ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ትልቅ ሰው ፊት የቆመ ሰው እንደሚያደርገው፣ ጥቂት ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁ። ለማን እንደ ለቀቁ አላየሁም። ክፍሉ ባዶ ነው። እንዲያ ጎንበስ ብለው አዳመጡ። ከዚያ እንደ ተፈቀደለት ሰው ቀና አሉና ተቀበሉ።

ይሄኔ ገባኝ። በዜማ ቤት መሪ ሲያነሣ ተቀባይ ዝም ይላል። መምህር እያለ ተማሪ አይደርብም፤ ሰምቶ፣ አስጨርሶ፣ ከዚያ ይቀበላል። ይህ ማቋረጥ አይባልም። የዜማው ሥርዐት ነው። የኔታ አልዋሹኝም። የሚመራቸው ሰው ስለ ነበረ ይቀበሉ ነበር።

ማን ነው የሚመራቸው? የሚሰሙት በጆሯቸው ላይ ባለው ሄድፎን ነው፤ ሄድፎኑ ደግሞ የእኔ ነው። ወደ ኮምፒዩተሩ ተመለስሁ። ወደ እሳቸው ጆሮ የሚሄደውን መስመር ሁሉ አንድ በአንድ ፈተሽሁ። አንደኛው ላይ ቆምሁ። የሰኞው ሙከራ። በእኔ በኩል ዘግቼዋለሁ፤ በእሳቸው በኩል ግን ድምፁ ጭል ጭል በሚል ያህል ክፍት ነበር። መቅጃውን ባስነሣሁ ቁጥር እሱም አብሮ ይነሣል፤ እኔ ማስታወቂያውን ያነበብሁት በአዲስ ፋይል ስለ ነበር አልገጠመኝም። የኔታ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ይሸፍኑታል፤ አየር ሲስቡ ይሰሙታል። ሰኞ በየመሐሉ እየሳሉና ውሃ እየጠጡ ስለ ነበር አንዳንዴ ይቀድማቸዋል፣ አንዳንዴ እሳቸው ይደርሱበታል፤ ጊዜ ሳይጠብቅ የሚጠፋው ለዚህ ነው። እሳቸው ዝም ሲሉ ደግሞ ያ ክፉ ሣጥን በዐመሉ ከሄድፎኑ ያፈተለከችውን ሽራፊ ድምፅ አንሥቶ ለእኔ አመጣልኝ።

የኔታ ሦስት ቀን ሙሉ ራስ ዝቅ ያደረጉት ለራሳቸው ድምፅ ነበር።

ብቻዬን ሳቅሁ። ከፍርሃት የወጣ ሰው ሳቅ ነበር፤ ደስ አይልም። የማይነካውን የነካሁት ሰው እኔው ነኝ። መስመሩን ዘጋሁና ልነግራቸው ገባሁ። «የኔታ፣ ችግሩን አገኘሁት፤ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» ልል አፌን ስከፍት እጄን ያዙኝ።

«አንቺም ሰማሻቸው?» አሉኝ።

«ማንን፣ የኔታ?»

«መምህሬን።» ድምፃቸው ከማክሰኞ ይልቅ ሻክሯል። «ይህን ዜማ ሲያስተምሩኝ ሳልጨርስ ነበር። ክረምት ነው። ቁራሽ ልለምን ወንዝ ተሻግሬ ሄድሁ፤ ወንዙ ሞላና ዐሥራ ሁለት ቀን ማዶ ቀረሁ። ስመለስ ተቀብረዋል። መጨረሻውን ከሌሎች ለቃቅሜ፣ እሳቸው ይህን እንዲህ ይሉት ነበር እያልሁ ገጠምሁት። ከዚያ ጀምሮ ትክክል ይሁን፣ ስሕተት ይሁን የሚነግረኝ አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ባልጨረስሁት ዜማ ሰው ስመራ ኖርሁ። እዚህ መጥተው መሩኝ። የገጠምሁትን ሁሉ እንደ ገጠምሁት አሉት።» እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። «ድምፃቸው ሳይቀር እሱው ነው። ያ ጉሮሮ የሳቸው ነው።»

ሃምሳ ዓመት የመምህራቸውን ጉሮሮ ሲመስሉ የኖሩ ሰው፣ የገዛ ድምፃቸውን ከሩቅ ሲሰሙት የመምህራቸው ሆኖ አገኙት። ምን ልበላቸው? የኔታ፣ ማንም አልመጣም፣ የሰኞው ሳልዎ ነው?

«ሰማኋቸው፣» አልሁ።

«እንግዲያ ለመጨረሻ ጊዜ ልበለውና ልሂድ።»

ወጥቼ አስጀመርሁ። መስመሩ ግን አሁን ዝግ ነው። የኔታ እያዜሙ ሄደው አየር ሲስቡ ቆሙ። ጠበቁ። አንድ ደቂቃ አለፈ። በሄድፎኔ ውስጥ ትንፋሻቸው ይሰማል፤ ሣጥኑ ያነሣዋል፣ ያነሣዋል፤ ሌላ የሚያነሣው አጥቶ የልባቸውን ምት እስኪያመጣልኝ ድረስ። እጄ ማዞሪያው ላይ ነበር። አንዲት ንክኪ ብቻ ነው፤ መምህራቸው ይመለሳሉ። አልነካሁትም። አውቄ ማታለልን ፈራሁ፤ እውነቱን መናገርንም ፈራሁ፤ በሁለቱ መሐል ቁጭ አልሁ።

«ሄዱ፣» አሉ የኔታ በቀስታ።

ከዚያ ሊቀጥሉ ሞከሩ። ድምፃቸው ወጣና ተሰነጠቀ፤ እንደገና ሞከሩ፤ ነፋስ ብቻ ወጣ። ሄድፎኑን ራሳቸው አውልቀው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት።

ከተቀዱት ሁሉ ከዳር እስከ ዳር የተዜመው የማክሰኞው የመጨረሻ ቅጂ ነበር፤ ዘጠኝ ዝምታ አለበት። ዓርብ ማለዳ ከመሳፈራቸው በፊት ዲያቆኑ ስልኬ ላይ ጫኚልኝ አለ። «ዝምታዎቹን ቆርጬ እልክልሃለሁ፤ እስከዚያ ይህን አስቀምጠው፣» አልሁት። ለምን እንደምቆርጣቸው አልነገርሁትም። ከአንድ ሰዓት በላይ የማይወስድ ሥራ ነው፤ በዚያው ቀን ጨረስሁት። ግን ሳልልከው በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ተዘጋ። ቀጥሎ ኔትወርኩ ጠፋ። ወራት እንዲሁ ሄዱ።

መንገድ የተከፈተው ለበዓለ ንግሡ ሳምንት ሲቀረው ነው። የተስተካከለውን ቅጂ በፍላሽ ይዤ፣ ለዲያቆኑ እውነቱን ሁሉ ልናዘዝለት ወስኜ ሄድሁ። በዋዜማው ከሰዓት ደብሩ ስደርስ ዜማው ተጀምሯል። በሴቶቹ በኩል ቆምሁ። ዲያቆኑ ይመራል፤ ከአርባ በላይ ሰው ይቀበለዋል። አገባቡን፣ አወራረዱን ሰማሁት፤ የየኔታ ነው። አልሞተም።

ከዚያ ሁሉም ዝም አሉ።

መሪውም ተቀባዩም። አርባው ሰው በአንድ ጊዜ አፉን ገጠመ፤ ራሱን ዝቅ አደረገ። መቋሚያ አልተነቃነቀም። ሕፃን የያዘች እናት ልጇን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ጣሪያው ላይ ርግቦች ሲራመዱ ጥፍራቸው ይሰማል። ሳላስበው መቁጠር ጀመርሁ። የመጀመሪያው ክፍተት ዐሥራ አንድ ሰከንድ ነው፤ ስቆርጠው ለክቼዋለሁ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀና አሉና ተቀበሉ። ዘጠኙንም እንዲሁ አደረጉት፤ የሚያጥረውን አሳጥረው፣ የሚረዝመውን አስረዝመው።

ሲያልቅ ዲያቆኑን ጥግ ይዤ «ዝምታዎቹን ቆርጬ አምጥቻለሁ፤ ያንን አስቀምጥ ብቻ አላልሁህም?» አልሁት።

«ለመቁረጥ እኛ ማን ነን፣ እታለም?» አለ፤ ቆጣ ያለ ይመስላል። «መምህር የሰጠውን ተማሪ አይቀንስም። ደግሞ ባዶ አይደለም። ስልኩን ጆሯችን ላይ አድርገን ስናዳምጠው ያነሣሉ፤ ሁላችንም ሰምተነዋል። የኔታ የማን ድምፅ እንደሆነ ሆስፒታል ሳይገቡ ነግረውኛል።»

አፌን ልከፍት ስል የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር በእጃቸው ጠሩኝ። አንገታቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ከጨርቁ ሥር በተከፈተላቸው ቀዳዳ ሲተነፍሱ ፉጨት ይሰማል። ጭናቸው ላይ የተማሪ ደብተር አለ። ጻፉበትና አዙረው አሳዩኝ።

«እነሱም ዝም አሉ። መምህሬን ይሰሟቸዋል ማለት ነው?»

ፍላሹ በመዳፌ ውስጥ ነው። ዲያቆኑ ከኋላዬ ቆሟል። እውነቱን ከተናገርሁ ዜማው ይስተካከላል፤ ያለ ነውር፣ ያለ ክፍተት፣ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ ለዚያ ነበር ሁላችንም የደከምነው። ከተናገርሁ ደግሞ እኚህ ሰው መጨረሻውን ከማን እንደ ተቀበሉ ሳያውቁ ይሞታሉ። ዓይናቸው ፊቴ ላይ ነው፤ ድምፅ የሌለው ሰው ዓይን ከባድ ነው።

«ይሰሟቸዋል፣ የኔታ፣» አልሁ።

ደብተሩን ዘጉት። በቀዳዳው ረጅም አየር ሳቡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፍላሹን ሳልሰጥ ተመለስሁ።

ዘንድሮም ለበዓሉ ሄጄ ነበር። የኔታ አሁን የሉም፤ ከሞቱ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ዲያቆኑ መራ፤ የተማሪው ተማሪ የሆኑ አዳዲስ ሰዎችም ገብተዋል፤ የመጀመሪያው ዝምታ ላይ ሲደርሱ ሁሉም እንደ ተማሩት ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። የሚጠብቁት የየኔታን መምህር ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ ያለው ግን የየኔታ ድምፅ መሆኑን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ዘንድሮ ሰከንዱን አልቆጠርሁም። ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ የኔታ እስኪያነሡ ድረስ፣ ከሰዉ ጋር ጠበቅኋቸው።